የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ሕንፃዎች በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴ ላይ የቅርስ ሕንፃ ሲነሳ ወሬው ከንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ይጀምርና ሸዋ በር መስጊድ ላይ ያበቃል። ካቶሊኮቹን የሚያነሳ ብዙም የለም። ምዕመናኑ ጥቂት ስለሆኑ ይሆናል።

በወሎ የካቶሊክ አሻራ ከሕንፃ ይቀድማል። የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል በእምነታቸው ታስረው፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ጦር ጋር በሰንሰለት ሲጎተቱ በ1847 ዓ.ም. እዚሁ ወሎ ምድር ላይ አረፉ። ሮም በ1919 ዓ.ም. ብፁዕ ብላቸዋለች።

ተቋሙ የቆመው ግን በጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያን ሚያዝያ 1928 ደሴን ያዘ። በዓመቱ መጋቢት ላይ ቫቲካን ደሴን ራሱን የቻለ የሚሲዮን ክልል አደረገችው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ክልሉ ብዙ አልቆየም፤ በ1944 ዓ.ም. ታጠፈ። የደሴ ስም የተመለሰው በ2007 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ሲቋቋም ነው። የጳጳሱ መቀመጫ ባሕር ዳር ነው።

ወደ ሕንፃው እንግባ። ብዙዎቻችን የለመድነው ክቡን ቤተክርስቲያን ነው፦ ከውጭ ቅኔ ማሕሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሃል ላይ መቅደስ። የካቶሊኩ የተለመደ ቅርፅ ረጅም አዳራሽ ነው። በሩ ላይ የቆመ ሰው ቅዳሴ የሚቀደስበትን መንበር ፊት ለፊት ያየዋል። ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ከወንበሩ ጀርባ ለመንበርከኪያ የምትሆን ጠባብ ጣውላ አለች። ግድግዳው ላይ የፍኖተ መስቀል፣ ማለትም የክርስቶስን የሕማም ጉዞ የሚያሳዩ 14 ሥዕሎች በተርታ ይሰቀላሉ። ክብ ቤት ውስጥ ይሄ ተርታ የት ይገባ ነበር?

ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ የሮማ፣ ሥርዓቱ የግዕዝ ነው። ከጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ከአቡነ ያዕቆብ (ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ) ዘመን ጀምሮ የሰሜን ኢትዮጵያ ካቶሊኮች ቅዳሴ በግዕዝ ሥርዓት ይሄዳል፤ ከበሮና ጸናጽልም አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ወንበር የሞላው አዳራሽ ለሽብሸባ አይመችም።

አየሩም የራሱን ይጠይቃል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጉምና ዝናብ አይለያትም፤ ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ስብከት መስማት ዘበት ነው። ጣራው ቁልቁል የሚያንሸራትት፣ መስኮቱ ጠበብ ያለ ቢሆን ይሻላል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብላ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ የሚፈለገው ንፋስ ነው፤ ሰፊ መስኮትና ከፍ ያለ ኮርኒስ።

ጥገና ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። በኖራ የተገነባ የድሮ ድንጋይ ግንብ እርጥበቱን በኖራው በኩል ያስወጣል። በሲሚንቶ ከተለሰነና ዘይት ቀለም ከተቀባ እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል። በሁለት ሦስት ክረምት ልስኑ ያብጥና መርገፍ ይጀምራል።