ቪላን ምንድን ነው? አንዱን ስዊች ለብዙ ኔትወርክ መክፈል

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ለገጣፎ፣ በከተማው ዳር በሚከፈቱ አዳዲስ ሕንፃዎች ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ታች ካፌ፣ አንደኛ ፎቅ ክሊኒክ፣ ከላይ ቢሮ። ኢንተርኔቱ ግን አንድ መስመር፣ ኔትወርኩም አንድ። የታካሚ መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር፣ የበሩ ካሜራ፣ ፕሪንተሩ፣ የካፌው ዋይፋይ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተሰክቷል። ኢንተርኔቱ እስከሠራ ድረስ ማንም አይጠይቅም። ነገር ግን ማኪያቶ አዝዞ ፓስዎርድ የተቀበለ ሰው ሁሉ ከክሊኒኩ ኮምፒውተር ጋር እዚያው ኔትወርክ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ቫይረስ ካለ ቫይረሱም አብሮት ገባ።

ይህን የሚለያይልን ቪላን (VLAN) ነው። አንዱን ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘውን ዕቃ፣ በሴቲንግ ብቻ ከፋፍሎ እንደ ሁለት፣ ሦስት፣ አሥር ስዊች እንዲሠራ ማድረግ።

ለእያንዳንዱ ፖርት (ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ) የቪላን ቁጥር ይሰጠዋል። ለምሳሌ ክሊኒኩ 10፣ ካሜራዎቹ 20፣ የእንግዳ ዋይፋይ 30። ኮምፒውተሮች ለሁሉም የሚደርስ ጥያቄ ይልካሉ፣ "አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የምታወቅበት ቁጥር) የሚሰጠኝ ማነው?"፣ "ይህ አይፒ የማን ነው?" ዓይነት፤ ብሮድካስት የሚባለው ይህ ነው። ቪላን 10 ላይ የተላከ ብሮድካስት እዚያው 10 ውስጥ ይቀራል፣ 30 አይሰማውም። አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ቪላን የራሱ የአይፒ ክልል ይሰጠዋል።

ፎቅ በፎቅ ስዊች ሲኖርስ? ለእያንዳንዱ ቪላን የተለየ ኬብል መሳብ፣ ያለቀ ግድግዳ መፈልፈል አያስፈልግም። ሁለቱን ስዊች የሚያገናኘው አንድ ኬብል ትራንክ፣ ማለትም የሁሉንም ቪላኖች መረጃ አንድ ላይ የሚያሳልፍ መስመር፣ ይደረጋል። በትራንኩ የሚያልፍ መረጃ ላይ ስዊቹ የቪላን ቁጥሩን የያዘች 4 ባይት ታግ (ምልክት) ይጨምርበታል፤ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ስዊች ታጓን አይቶ ወደ ትክክለኛው ፖርት ይልካል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ አያውቅም፣ ወደ እሱ ሲደርስ ታጓ ተነስታለች። ደንቡ 802.1ኪው (802.1Q) ይባላል፣ በፈረንጆቹ 1998 የወጣ ነው። ለቁጥሩ የተመደበው 12 ቢት ስለሆነ ለሥራ የሚውሉት ቪላኖች እስከ 4094 ናቸው። ዋይፋዩም ቢሆን ከአንድ በላይ ስም ማውጣት የሚችል አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጨው ዕቃ) ከሆነ አንዱን ስም ከ10፣ ሌላውን ከ30 ጋር ማያያዝ ይቻላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ላይ ደርሰናል። ቪላን ከፋፍሎ ማቆም ሥራው ግማሽ ላይ መቆም ነው። ቪላኖቹ ሁሉ ኢንተርኔት ለማግኘት ራውተር ጋር ይገናኛሉ፣ ራውተር ደግሞ ሥራው ኔትወርክን ከኔትወርክ ማገናኘት ስለሆነ፣ ብዙ ራውተሮች ካልከለከላችኋቸው በቀር ከ30 የመጣውን ወደ 10 ያሳልፋሉ። ስለዚህ ራውተሩ ላይ የፋየርዎል ሕግ ይጻፍ፣ ማን ወዴት ማለፍ እንደሚችል የሚወስን። እንግዳው ወደ ኢንተርኔት ብቻ ይውጣ። ካሜራው ከመቅጃው ጋር ብቻ ያውራ። በፈረንጆቹ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ማንም ምንም ሳይከፍት በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ በኩል ከማሽን ወደ ማሽን በራሱ ይዘል ነበር። የእንግዳው ላፕቶፕ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ቢመጣ የክሊኒኩን ኮምፒውተር የሚያድነው ያ ሕግ ነው። የስዊቹን የራሱን መቆጣጠሪያ ገጽም እንግዳ በማይደርስበት ቪላን ላይ አድርጉት።

ዕቃ ለመግዛት መሃል ከተማ ስትወርዱ "ስዊች" ብቻ አትበሉ። ተሰክቶ ብቻ የሚሠራው ርካሹ ስዊች ቪላን መከፋፈል አይችልም። "ማኔጅድ" ወይም "ስማርት" የሚባለውን ጠይቁ፣ ማሸጊያው ላይም 802.1Q የሚል መኖሩን እዩ።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ሴቲንጉን ሴቭ ማድረግ እንዳትረሱ። ብዙ ስዊቾች ላይ ለውጡ ወዲያው ይሠራል እንጂ በራሱ አይቀመጥም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሴቭ ያልተደረገ ስዊች ፖርቶቹን ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበሩበት ወደ ቪላን 1 ይመልሳቸዋል። የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ስንቴ እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ።