እንዳለን መጠን፦ ስለ ልጆች የገና ስጦታ እና ስለ ወላጆች ኪስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ታኅሣሥ ከገባ በኋላ በባሕር ዳር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ተነሥቶ በእግሩ ወደ ገበያው የሚሄድ ሰው የሚያየው ነገር ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ መጥቷል። የፕላስቲክ ጥድ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ የጥጥ ጢም የተለጠፈበት የገና አባት፣ በባትሪ የሚሄድ መኪና፣ ሆዷን ሲጫኗት የምታለቅስ አሻንጉሊት በየሱቁ በራፍ ተደርድረዋል። ከፊታቸው የልጁን እጅ የያዘ አባት ይቆማል፤ ዋጋ ይጠይቃል፣ ዝም ይላል፣ ጥቂት ይራመድና ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃል። ይህን ትምህርት የምጽፈው ለዚያ አባት፣ እንዲሁም የዶሮውን፣ የቅቤውንና የዘይቱን ሒሳብ ከስጦታው ዋጋ ጋር በልቧ እያጋጨች ለምታድር እናት ነው። ከላይ ሆኜ የምመክር እንዳይመስላችሁ የራሴን ጥፋት አስቀድሜ እናገራለሁ።

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመታት በፊት ነው። የበኩር ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በገና ሰሞን ስጦታ እንዲለዋወጡ ዝግጅት አድርጎ ነበርና ልጄ ማታ እራት ላይ፣ የክፍል ጓደኛው አባት በባትሪ የሚሄድ መኪና እንደገዛለት ከነቀለሟ ተረከልን። አልለመነኝም፤ የሰማውን ብቻ ነው የነገረን። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ አደርሁ። በማግሥቱ ከሥራ ባልደረባዬ 4,500 ብር ተበድሬ ከጓደኛው መኪና ጥቂት ከፍ የምትል መኪና ገዛሁ፤ «ከዚህ የሚበልጥ የለም?» እያልሁ ሻጩን ደጋግሜ መጠየቄን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል። ከገና ታኅሣሥ 29 ቀን እስከ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ያለው ጊዜ 12 ቀን ብቻ ነው፤ መኪናዋ ግን ጥምቀትን አላየችም። ዕዳው ዐቢይ ጾምን አብሮኝ ጾሞ ትንሣኤ ላይ ደረሰ።

በዚያው ጾም ነገሩን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ለልጅህ ስጦታ መግዛትህ ኃጢአት አይደለም» አሉኝና ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፣ «ግን ብሩን የተበደርኸው ለማን ዓይን ብለህ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጄ እንደሆነ መኪናዋ በአንድ ጣት ብትረዝም ብታጥር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ያን የሚለካው የሌላው ልጅ አባት ነበር፤ ወይም የሌላው ልጅ አባት ይለካል ብዬ የፈራሁት እኔው ነበርሁ።

ይህንን ጥያቄ ይዘን ወደ ወንጌል እንመለስ። ቅዱስ ማቴዎስ ስለ ሰብአ ሰገል ሲጽፍ፣ «ሣጥኖቻቸውንም ከፍተው እጅ መንሻ ወርቅና ዕጣን ከርቤም አቀረቡለት» ይላል (ማቴ. 2፥11)። እጅ መንሻ ዝቅ ያለው ከፍ ላለው፣ ሎሌው ለንጉሡ የሚያቀርበው ነው፤ ሊቃውንቱ አምኃ የሚሉትም ቃል ስጦታንና ሰላምታን በአንድነት የያዘ ነው። ስለ ወርቁ፣ ስለ ዕጣኑና ስለ ከርቤው ምሥጢር በየዓመቱ ስንማር ኖረናል፤ እኔ ዛሬ ልብ እንድትሉት የምፈልገው «ሣጥኖቻቸውን ከፍተው» የሚለውን ነው። የከፈቱት የራሳቸውን ሣጥን ነው። ከምሥራቅ የመጡ ባለጠጎች ነበሩና ከባለጠግነታቸው ሰጡ፤ ለንጉሥ የሚገባውን ለማቅረብ ብለው የሌላ ሰው ሣጥን አላስከፈቱም።

በሌላው ወገን ደግሞ የቅዱስ ዮሴፍንና የእመቤታችንን ነገር ተመልከቱ። ጌታ በተወለደ በ40 ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ ሲወስዱት ያቀረቡት መሥዋዕት ሁለት ዋኖሶች ወይም ሁለት የርግብ ጫጩቶች የሚለው ነው (ሉቃ. 2፥24)። ይህ በሕጉ መጽሐፍ በግ ለማምጣት እጇ ላልቻለ እናት የተፈቀደ የድሆች መሥዋዕት ነው (ዘሌ. 12፥8)። በዚያ ታላቅ መቅደስ አደባባይ በግ እየጎተቱ የሚመጡ ሰዎች እያሉ፣ እነርሱ በሁሉ ፊት ወፎቻቸውን ይዘው ገቡ። ሰው ያየናል ብለው ለበግ መግዣ ሲበደሩ አናነብም። በግ ለመግዛት እጇ ያልቻለው እናት በክንዷ የታቀፈችው የእግዚአብሔርን በግ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጎ ፈቃድ ካለ ስጦታው የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን እንጂ እንደሌለው መጠን አለመሆኑን የጻፈላቸው ይህንኑ መንገድ ሲያሳያቸው ነው (2ኛ ቆሮ. 8፥12)።

አንዳንዶች ይህን ሰምተው «እንግዲያውስ ለልጅ ስጦታ መስጠት ከነአካቴው ይቅር፤ የፈረንጅ ልማድ ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በታኅሣሥ 16 ቀን፣ ጾመ ነቢያት ሳይፈታ የፈረንጆቹን ገና አክብሮ፣ በታኅሣሥ 29 ቀን ደግሞ የራሳችንን ማክበር፣ ስጦታንም ሁለት ጊዜ መግዛት በእውነት ግራ የተጋባ ነገር ነው። ነገር ግን ጌታ ራሱ ወላጆች ለልጆቻቸው መልካም ስጦታ መስጠትን እንደሚያውቁ መስክሮላቸዋል (ማቴ. 7፥9-11)። ምሳሌ አድርጎ ያነሣቸው ስጦታዎች ግን ምንድን ናቸው? እንጀራና ዓሣ ናቸው። በጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ በቀላሉ የሚገባን ነው፤ በንጋት በታንኳ ወጥቶ መረቡን የሚስብ አባት ለልጁ ይዞለት የሚገባው ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።) ጌታ «መልካም ስጦታ» ያለው ልጁ የለመነውን፣ አባቱም ከደከመበት ሥራ የሚያገኘውን ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ በየዓመቱ ለልጅ ስለሚሰጥ ስጦታ ስፈልግ የማገኛት እናት ሐና ናት። ልጇን ሳሙኤልን በሴሎ ለእግዚአብሔር ከሰጠች በኋላ፣ ከባሏ ጋር ለመሥዋዕት በምትወጣበት ጊዜ በየዓመቱ ታናሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ልጅ ስላላት እናት እንዲህ ያለ ርኅራኄ የሞላበት ቃል ብዙ አላገኘሁም። መደረቢያው ታናሽ ነው። በእጇ የሠራችው ነው። ከዓመት ዓመት ልኩ ይለወጣልና፣ አጠገቧ ያልሆነው ልጅ ምን ያህል እንዳደገ እያሰበች፣ ትከሻው ይህን ያክል ሰፍቶ ይሆናል እያለች ነው የምትሰፋው። ከገበያው ተሻምተን ከምናመጣው ካርቶን ውስጥ ይህ ይጎድላል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የዕድሜ ልክ የፋብሪካው ግምት ነው እንጂ የእናት ሐሳብ አይደለም።

ስጦታ ፍቅርን ብቻ ሳይሆን ቅናትን ሊወልድ እንደሚችልም ልንዘነጋ አይገባም። ያዕቆብ ከልጆቹ ሁሉ አብልጦ ለሚወደው ለዮሴፍ በብዙ ኅብር ያጌጠች ቀሚስ አደረገለት፤ ወንድሞቹም ጠሉት (ዘፍ. 37፥3-4)። ያቺ ቀሚስ በመጨረሻ በደም ተነክራ ወደ ሰጪው ወደ አባት ተመለሰች።

እዚህ ላይ በየቤታችን ስላለ፣ ግን ስለ ገና ስጦታ ስንነጋገር ስለማናነሣው ሰው እናገራለሁ። መኪናዋን ለልጄ በሰጠሁ ዕለት ከገጠር መጥታ በቤታችን የምትሠራ፣ ማታ ማታ የምትማር ልጅ ነበረችን። እርሷም ልጅ ነበረች፤ ይህን ያኔ አላየሁትም። ልጆቻችን እየጮኹ ካርቶኑን ሲቀድዱ እርሷ የፈንድሻ ሰሃን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትስቅ ነበር። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ወደ ባለቤቴ ተጠግታ፣ «እትዬ፣ ካርቶኑ የማይፈለግ ከሆነ ደብተሬን ላስቀምጥበት?» አለቻት። ባለቤቴ ይህን የነገረችኝ ከወራት በኋላ ነው፤ ስትነግረኝም አለቀሰች። በዚያ ዓመት ለስጦታ ካወጣነው ገንዘብ ለዚያች ልጅ የደረሳት ባዶ ካርቶን ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር ስለሚመርጠው ጾም ሲናገር እንጀራህን ለተራበ ቁረስ፣ የተራቆተውንም ባየህ ጊዜ አልብስ ይላል (ኢሳ. 58፥7)፤ እኛ ከኅዳር 15 ቀን ጀምረን ስንጾም ቆይተን፣ ከጾሙ የተረፈውን ከቤታችን በር ላይ ለቆመችው እንኳ ሳናደርስ በዓሉን አከበርን።

የገና አባት ለሚባለው ቀይ ለባሽ መነሻ የሆነው ቅዱስ ኒቆላዎስም ቢሆን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በትንሿ እስያ የሚራ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ የነበረ አባት ነው። በትውፊት የሚነገርለት ታላቅ ሥራው ሦስት ሴቶች ልጆቹን የሚድርበት ላጣ ድሃ ጎረቤት በሌሊት፣ ማን እንደሰጠ ሳይታወቅ፣ በመስኮት ወርቅ መጣሉ ነው። የሰጠው ለሌላ ሰው ልጆች ነበር፤ የሰጠውም ማንም እንዳያየው በጨለማ ነው። ዛሬ በእርሱ ስም የሚሸጠው ነገር ሁሉ በመብራት ደምቆ መቅረቡ ያስገርማል።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ እንነጋገር። በሱቆቻችን የሚሸጠው መጫወቻ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያየነው የዋጋ ለውጥ እርሱንም ነክቶታል። ደመወዝ ግን በዚያው ልክ አላደገም። በዕቁብ የተጠራቀመውን ለበዓል አውጥቶ በጥር ወር የልጅን የትምህርት ቤት ክፍያ መበደር የብዙዎቻችን ኑሮ ሆኗል። መጽሐፍ «ተበዳሪም የአበዳሪ ባሪያ ነው» ይላል (ምሳ. 22፥7)። ለልጁ ነፃ መውጣት አምላኩ ሰው የሆነበትን በዓል የሚያከብር አባት በዚያው በዓል ምክንያት ባሪያ ሆኖ ሲወጣ ምን እንበለው? ስለዚህ እኔና ባለቤቴ የበዓሉን ስጦታ ልክ ገበያ ከመውጣታችን በፊት፣ ጾሙ እንደገባ፣ በወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ ከጻፍነው በላይ ሻጩ ቢምል ቢገዘትም አናልፍም። ልጆቹም ልኩን እንዲያውቁ እናደርጋለን። መጀመሪያ ላይ ይህ ልጆቼን የሚያሳንስባቸው መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ ልጅ ግን «አባትህ ያለው ይህ ነው» ሲባል ከምናስበው በላይ ይረዳል፤ የማይረዳው ሲዋሹት ነው።

ደግሞም ገንዘብ የማያስወጣ የገና ስጦታ ከአባቶቻችን ወርሰናል። እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ገና ሊደርስ ሲል ጫፉ የቆለመመ የወይራ ቅርንጫፍ ፈልጎ ይቆርጥልኝና ማታ ማታ ተቀምጦ በቢላዋ ይልገው ነበር። በዱላው የምንመታውን ኳስ፣ ጥንጉንም፣ ከእንጨት ጠርቦ ያዘጋጅልኛል። ሜዳ ላይ የሀብታም ልጅ ዱላና የድሃ ልጅ ዱላ አይለይም ነበር፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ የጌታው ልጅም ቅልጥሙን ይመታ ነበር። ባለፈው ዓመት ለልጄ እንዲህ ያለውን ዱላ ስሠራለት እጄን ቆረጥሁ፤ ሥራዬም እንደ አባቴ ያማረ አልሆነም። ልጄ ግን ዱላውን እስከ ዛሬ ከአልጋው ሥር ያስቀምጠዋል።

የዘንድሮው ወረቀት ተጽፎ በማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። በላዩ ሦስት ስሞች አሉ፦ የሁለቱ ልጆቻችንና ዛሬ 10ኛ ክፍል የደረሰችው የዚያች ልጅ። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ቃል ሳልዘነጋው ይህን የምጽፈው፣ ልጆቼን ስትጠብቅና ስታጎርስ ለኖረች ልጅ የምንሰጣት ምጽዋት ሳይሆን የቆየ ዕዳ ስለሆነ ነው። ልጄ ወረቀቱን አንብቦ፣ ከእርሷ ስም ጎን «የቆርቆሮ ሣጥን፣ ከነቁልፉ» የሚለውን ሲያይ፣ «አባዬ፣ ሣጥን ምን ያደርግላታል?» አለኝ። ባለቤቴ እንድትነግረው ወደ እርሷ ተመለከትሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።