ነጭ የደም ሴሎችን ቆዳ ላይ ማን ጠራቸው?

«ኬሞታክሲስ» ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ቡና ሲቆላ ሽታው ጎረቤት ስቦ ያመጣ የለ? ሴሎችም እንደዚያው የኬሚካል «ሽታ» ተከትለው፣ ሽታው ወደበረታበት ይሄዳሉ።

ቡለስ ፔምፊጎይድን እንውሰድ። ብዙ የማያጋጥም፣ በአብዛኛው ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን የሚይዝ የቆዳ በሽታ ነው። መጀመሪያ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያሳክካል፤ ከዚያ ቆዳው ወጠር ያለ፣ በቀላሉ የማይፈርጥ ውሃ ይቋጥራል። ጣጣው የሚጀምረው ከራስ ሰውነት ነው። ፀረ እንግዳ አካላት ጠላት ያገኙ መስሏቸው ቢፒ180 የሚባለውን ፕሮቲን ይይዛሉ፤ እሱ ደግሞ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ከታችኛው ጋር አጣብቀው ከሚይዙት አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ መያዛቸው ብቻ ቆዳውን የሚገነጥለው ይመስለዋል። ዋናውን ጉዳት የሚያደርሱት ግን ተጠርተው የሚመጡት ናቸው። ፀረ እንግዳ አካላቱ በተጣበቁበት ቦታ ኮምፕሊመንት የሚባለው የደም ፕሮቲኖች ሰንሰለት ይነሳና ሲ5ኤ የተባለ ቁራጭ ይለቀቃል። እሱም ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይጠራል፣ ቆዳ ውስጥ ያሉትን ማስት ሴል የሚባሉ የመከላከያ ሴሎችንም ይቀሰቅሳል። ኢኦታክሲን የሚባል ሌላ ጠሪ ኬሚካል ደግሞ ኢኦሲኖፊል የሚባሉትን ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ይስባል (ስሙም ከሥራው ነው)። ሴሎቹ በደም ስሩ ግድግዳ ሾልከው ይወጡና እንደ ኢላስቴዝ ያሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን ይረጫሉ። ማጣበቂያው ተበላ ማለት ነው፤ ክፍተቱን ውሃ ይሞላዋል።

ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ሲታዘዝም በዋናነት የተያዘውን ፕሮቲን ለማስለቀቅ አይደለም፤ ይሄን ጥሪ ዝም ለማሰኘት ነው።