የአያት ስድስት ጎራሽ ስንት ያወጣል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋም ሆነ በመርሐቤቴ ውርስ ሲከፈል ከመሬቱና ከከብቱ ቀጥሎ ክርክር የሚያስነሣው በሣጥን ግርጌ በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረው አሮጌ ሽጉጥ ነው። አንዱ ወራሽ «ሚሊዮን ያወጣል» ይላል፤ ሌላው «ጥይቱ የማይገኝ ብረት ምን ይረባል» ብሎ ይንቀዋል። ሁለቱም ሽጉጡን አገላብጠው አላዩትም። ጎራሹ፣ ማለትም ጥይቱ የሚገባበት ክብ ክፍሉ፣ እየተሽከረከረ የሚተኩስ አሮጌ ሽጉጥ ተመጣጣኝ ግምት የሚያስፈልገው በውርስ ክፍፍል ብቻ አይደለም፤ ለሙዚየም ሲሰጥም ሆነ ሲመዘገብ ያስፈልጋል። ግምቱን የሚያበላሹት አመለካከቶች ደግሞ ከቤት ቤት ብዙም አይለያዩም።

ከሁሉ በፊት ግን ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። አፈሙዙ ወደ ሰው ሳይዞር፣ ጣት ከቃታው ርቆ። በአሜሪካው 1873 ሞዴል ኮልት፣ በጣልያኑ ቦዴዮና በፈረንሳዩ 1873 ሞዴል ከጎራሹ ኋላ በቀኝ በኩል ትንሽ መዝጊያ አለች፤ እሷን ከፍቶ ጎራሹን በእጅ እያዞሩ ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ ማየት ነው። የእንግሊዙ ዌብሊ መቆለፊያው ሲጫን ወገቡ ላይ ይታጠፋል፤ በደንብ ሲታጠፍ በውስጡ ያለው ቀለህ በሙሉ ይገፋል። የፈረንሳዩ 1892 ሞዴል ጎራሹ ወደ ቀኝ ይወጣል። በዝገት ተጣብቆ የቀረ ጥይት ካለ በምስማር መምታትም፣ እሳት ዳር አስቀምጦ ማላቀቅም ሞት መጥራት ነው፤ ለጦር መሣሪያ ባለሙያ ይተው።

«ያረጀ ሁሉ ውድ ነው»

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አያወጣም። የፈረንሳዩ 1873 ሞዴል ከ130 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ግን 337 ሺህ ገደማ ስለተሠራ በዓለም ገበያ ብርቅ አይደለም። በቤልጅግ ሊዬዥ ከተማ የተሠሩት አጫጭር የኪስ ሽጉጦች ደግሞ ከዚያም በላይ የትም የተበተኑ ናቸው። ዋጋ የሚወጣው ስንት እንደ ቀረና ስንት ሰው እንደሚፈልገው ተያይቶ ነው። ማንም የማይሰበስበው ብርቅ ዕቃ ብርቅ ሆኖ ርካሽ ይቀራል።

«ይህ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሽጉጥ ነው»

በአንኮበር ዙሪያ ይህ አባባል ደጋግሞ ይሰማል። ሥር የሌለውም አይደለም፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ ሲመጣ ለንጉሡ ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል የጦር መሣሪያ ነበረበት። ነገር ግን ንጉሡ ያረፉት በ1840 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1847። ባለ ቀለህ ጥይት የሚጎርሰው የፈረንሳዩ ለፎሹ ሽጉጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1854፣ የአሜሪካው የመጀመሪያው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ በ1857 ነው። እንግዲህ ባለ ቀለህ ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ በሣህለ ሥላሴ እጅ ገብቷል ማለት የማይመስል ነው። ከዚያ ዘመን የሆነ መሣሪያ ባሩዱና እርሳሱ ለየብቻ በአፉ ወይም ከጎራሹ ፊት የሚገባ፣ በድንጋይ ወይም በትንሽ የመዳብ ቆብ የሚለኮስ ነው። በጎራሹ ኋላ የቀለህ ማስገቢያ ካዩ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

የዓድዋ ምርኮ የሚባሉት ቦዴዮዎችም እንዲሁ መመርመር አለባቸው። ቦዴዮ የጣልያን ጦር እ.ኤ.አ. በ1889 የተቀበለው፣ 10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ባለ ስድስት ነው። ሁለት ዓይነት አለው። የተራ ወታደሩ አፈሙዝ ስምንት ማዕዘን ሲሆን ቃታው ወደ ፊት ይታጠፋል፣ የቃታ ከለላም የለውም። የመኮንኑ አፈሙዝ ክብ ነው፣ የቃታ ከለላም አለው። ከዓድዋ በፊት የተሠራ ቦዴዮ ከጦርነቱ ሊመጣ ይችላል። ይሁንና ይህ ሽጉጥ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አገልግሏል፤ በብዙዎቹም ላይ የሠሪው ስምና ዓመት ተመትቶ ይገኛል። 1916 ወይም 1917 የሚል ካለበት የመጣው ከዓድዋ ሳይሆን ከአምስቱ ዓመት ወረራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህ ደግሞ የሚያሳፍር አይደለም፤ በራስ አበበ አረጋይ መሪነት በዚህ ምድር የተዋጉ አርበኞች የማረኩት ከሆነ የራሱ ክብር አለው። በሐሰት የዓድዋ ስም መስጠት እውነተኛውን ታሪኩን መንጠቅ ነው።

«1888 ተጽፎበታል፤ የዓድዋው ዓመት ነው»

ዓድዋ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ብረቱ ላይ የተመታው ግን የአውሮፓ ዘመን ስለሆነ 1888 ማለት በእኛ 1880 ወይም 1881 ነው። ሁለተኛው ስሕተት ቁጥሩ ሁሉ የተሠራበት ዓመት መምሰሉ ነው። በፈረንሳዩ አፈሙዝ ላይ ያለው 1873 የሞዴሉ ስም ነው፤ የተሠራበት ዓመት ከአፈሙዙ ቀኝ ጎን ለብቻው ተመትቷል። በኮልት ላይ የሚታዩት 1871፣ 72 እና 75 ደግሞ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበባቸው ቀናት ናቸው፤ ከዚያ ሃያ ዓመት ዘግይቶ የተሠራውም ይዟቸዋል። ኮልት የሚታወቀው በመለያ ቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መግቢያ የተሠራው የመጀመሪያው ትውልድ 357,859 አካባቢ ያበቃል። ከ1956 ጀምሮ እንደገና ሲሠራ ከቁጥሩ ኋላ «ኤስ ኤ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ተጨመሩ። እነዚህ ፊደላት ያሉበትን የቅድመ አያት ኮልት ብሎ መገመት አይቻልም።

በሊዬዥ ለተሠሩት የሚረዳው በሞላላ ክብ ውስጥ ያለው የፍተሻ ማኅተም ነው። በሞላላው ላይ ዘውድ ካለበት ፍተሻው ከ1893 ወዲህ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ነው። ጣልያን ውስጥ በቅርብ አሥርት ዓመታት የተሠሩ የኮልት ቅጂዎችም በትንሽ ሣጥን ውስጥ የተመታ የዓመት ምልክት አላቸው። ቅጂ በአያት ዕቃ መካከል ተገኘ ማለት አያት ያዙት ማለት አይደለም።

«ታሪኩን አገር ያውቀዋል፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?»

ዋጋን ከሁሉ የበለጠ የሚለውጠው ይህ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ሀብቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ አንኮበር ደረሰ። ይህ ሰው ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1873፣ ብራሰልስ ውስጥ በወዳጁ በፖል ቨርሌን ተተኩሶበት የእጁ አንጓ ላይ ቆስሏል። ቨርሌን የተኮሰበት 7 ሚሊ ሜትር ለፎሹ በዘመኑ ከማንኛውም መደብር የሚገዛ ተራ የኪስ ሽጉጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፓሪስ ላይ በጨረታ ሲቀርብ ግን 434,500 ዩሮ ተሸጠ። ገዢዎች ለወሬ ይህን ያህል አልከፈሉም፤ የሽጉጡ መለያ ቁጥር ከሸጠው መደብር መዝገብ ጋር ተገናኝቷል። ተመሳሳይ ሽጉጥ ቁጥሩን የሚያገናኝ ወረቀት ባይኖረው እዚያው መደርደሪያ ላይ ካሉት አቻዎቹ አንዱ ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ማስረጃ ሰውን ሳይሆን ቁጥርን የሚጠቅስ ነው። «አባቴ የደጃዝማች እገሌ ባለሟል ነበሩ» የሚል ምስክር ስለ አባትየው እንጂ ስለ ሽጉጡ አይናገርም። የድሮ የመሣሪያ ፈቃድ፣ ቁጥሩ የሰፈረበት ኑዛዜ፣ የግምጃ ቤት ደረሰኝ፣ የተረካቢ ስምና ቁጥር ያለበት ደብዳቤ ግን ክብደት አላቸው። ወገብ ላይ ታጥቀው የተነሡት ፎቶ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም፣ አቻው ብዙ ነውና። በዕድሜ የገፉ ዘመድ ካሉ ዛሬውኑ ቃላቸው ይጻፍ፦ መሣሪያው ከማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደመጣ፣ መለያ ቁጥሩ ተገልብጦ፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበት። ነገ የሚነሣው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ወረቀት ነው። ለኮልትና ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ በክፍያ ከድሮው የፋብሪካ መዝገብ ተገልብጦ የሚሰጥ ደብዳቤ አለ፤ መቼ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ለማን እንደተላከና በምን ቀለም እንደነበር ይነግራል።

«ተወልውሎ ሲያበራ ዋጋው ይጨምራል»

ይጥለዋል እንጂ አይጨምርም። ሰብሳቢ የሚገዛው ፋብሪካው የሰጠውን ገጽ ነው። ባለሙያዎች ግምት ሲያወጡ «የመጀመሪያው ቀለም ከመቶ ስንት እጅ ቀርቷል?» ብለው ይጀምራሉ። በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ሽጉጥ መልሱ ዜሮ ነው፤ ጠቆር ብሎ፣ ገጹ ተፍቆ ሳይነካ የኖረው አቻው በብዙ ይበልጠዋል።

እንደገና የተቀባን ሽጉጥ መለየት አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ከጎን የሚመጣ የመስኮት ብርሃን ይበቃዋል። መጀመሪያ ማኅተሞቹን ማየት ነው፦ ያልተነካ ፊደል ጠርዙ ስለታም፣ ጥልቀቱም እኩል ነው፤ በሞረድ ወይም በማሽን የተጠራ ግን አንዱ ጫፉ ደብዝዞ ሊጠፋ ይቃረባል። ቀጥሎ የብሎን ቀዳዳዎች፦ ዙሪያቸው እንደ ሳሕን ጎድጎድ ካለ ገጹ ተፍቋል። የስምንት ማዕዘኑ አፈሙዝ ጠርዞች ክብ ከሆኑም እንዲሁ። ከሁሉ የሚያጋልጠው ግን ከጥቁሩ ቀለም ሥር የሚታየው የዝገት ጉድጓድ ነው፤ ዝገቱ ቀድሞ፣ ቀለሙ ኋላ እንደመጣ ይመሰክራል። ኒኬል ቅብም በዚህ ዓይን ይታይ።

አንድ ነገር ግን ይለይ። የፈረንሳዩ 1873 የተራ ወታደር ሽጉጥ ከፋብሪካ ሲወጣም ቀለም አልነበረውም፤ ነጭ ብረት ነው። ጥቁር የነበረው የመኮንኑ 1874 ሞዴል ነው፤ ይኸኛው ጎራሹ ላይ ቦይ ቦይ አለው። ነጩን «ቀለሙ ለቋል» ብሎ ዋጋ መቀነስ፣ አልፎም ማጥቆር፣ ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው። በአሮጌ ኮልትም አካሉ ሰማያዊ፣ ግራጫና ቡናማ እንደ ደመና የተቀላቀለበት መሆን አለበት፤ ከመምቻው እስከ አካሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ከሆነ ከጊዜ በኋላ የተቀባ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

«ክፍሉ ቢለወጥ ምን አለ፣ እስከሠራ ድረስ?»

በዌብሊ ላይ ቁጥሩ በአካሉ፣ በአፈሙዙና በጎራሹ ላይ ይገኛል፤ ሦስቱ አንድ መሆን አለባቸው። በአሮጌ ኮልት ከአካሉ ጋር የቃታ ከለላውና የእጀታው ብረት ቁጥር ይነጻጸራል። ቁጥሩ ያልገጠመ ሽጉጥ ከሁለት የተሰበሰበ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል። በሠፈር ጠራቢ የተተካ የወይራ እጀታም ይቀንሳል፤ የድሮው ከተገኘ ቢሰነጠቅም ይቀመጥ። እጀታው የዝሆን ጥርስ ከሆነ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተገደበ ነው።

ስለ ዌብሊ ከተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 የወጣው ስድስተኛ ማርክ (ስድስተኛው ሞዴል) ዌብሊ በብዛት የጎራሹ ጀርባ ተላጭቶ የአሜሪካ 45 ጥይት እንዲጎርስ ተደርጓል። የተላጨው ከሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ አደጋም አለው፣ የዚያ ጥይት ግፊት ለጥንቱ ጎራሽ ከልክ በላይ ነው።

«ይተኩሳል፤ ስለዚህ ይወደዳል»

በገጠር የሚወራው የመሣሪያ ዋጋ የመተኮስ ዋጋ ነው። በዚያ ሚዛን ጥይቱ እንደ ልብ የማይገኝ ቦዴዮ ምንም አያወጣም፤ በሰብሳቢና በሙዚየም ሚዛን ግን ዋናው ያልተነካነቱ ነው። ሁለቱን ሚዛን ማምታታት ወይ ያስንቃል ወይ ያሳብዳል። ለሙከራ መተኮስ ደግሞ የለም፤ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ብረት በአዲስ ጥይት ሊፈነዳ ይችላል።

«ኢንተርኔት ላይ 2 ሺህ ዶላር ይላል፤ በብር አባዛው»

ተለጥፎ የሚታየው ዋጋ የሻጭ ምኞት ነው፤ የሚቆጠረው በጨረታ ተሸጦ ያለቀው ብቻ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ሞዴሉና ይዞታው ተመሳሳይ የሆኑ ቢያንስ አምስት የተጠናቀቁ ሽያጮች ይሰብሰቡ። ለምሳሌ 400፣ 650፣ 700፣ 800 እና 2,000 ዶላር ቢሆኑ የሚወሰደው መካከለኛው 700 ነው፤ 2,000ው ምናልባት ወረቀት ነበረው። ከዚያ 700ው የጨረታ ቤቱን የገዢ ክፍያ ይጨምር እንደሆነ ይጣራ። ክፍያው 25 በመቶ ከነበረ መዶሻው የወደቀው፣ ማለትም ጨረታው ያበቃው፣ 560 ላይ ነው። ከሻጩ ደግሞ 15 በመቶ ቢቆረጥ እጁ የሚገባው 476 ዶላር ነው። «2 ሺህ» የተባለው እዚህ ላይ ደረሰ።

ያም ቢሆን የውጭ ገበያ ዋጋ ነው፤ እዚህ ያለ ሽጉጥ ወደዚያ ገበያ መሄድ አይችልም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መሸጥ ወንጀል ነው፤ አሮጌነቱ ነፃ አያወጣውም። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ስለዚህ ለወራሾች ክፍፍል የውጭውን ቁጥር እንደ ጣሪያ ወስዶ ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ማለት ፍትሐዊ ነው። «ውጭ አገር የሚሸጥልኝ ሰው አለ» የሚል ወራሽ ድርሻውን ሳይሆን ወንድሞቹን ወደ ክስ እየወሰደ ነው።

«በቆዳ አፎቱ ቢቀመጥ ይጠበቃል»

ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ የተለፋበት ነገርም ብረቱን ይበላዋል። በአንኮበርና በጣርማበር ጉም ይህ በአንድ ክረምት ይታያል፦ አፎቱ የነካው ጎን ብቻ ይዝጋል፣ በነሐሱ ቀለህ ላይም አረንጓዴ ዝልግልግ ይወጣል። የሚቀባ ቅቤም ይበላሻል፣ ጨው ካለው ደግሞ ራሱ ያዝጋል። ቀጭን የማሽን ዘይት ባረጠበው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ላዩን ብቻ ማበስ፣ በባዶ እጅ አለመነካካት፣ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል። አፎቱ ግን አይጣልም። የጦር ክፍል ማኅተም ወይም የድሮ ባለቤት ስም ካለበት ለብቻው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የሽጉጡ መለያ ቁጥር በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ።