ወተት የሳንባን አቧራ አያጥብም፦ ስለ «ዲቶክስ» የሚነገሩ ስህተቶች

«ዲቶክስ» (መርዝን ከሰውነት ማስወገድ) በሕክምና ውስጥ የታወቀ ቦታ አለው፤ ጉበት ጎጂ ነገሮችን የሚያከሽፍበትንና ኩላሊት በሽንት የሚያስወግድበትን ሥራ፣ እንዲሁም ለተመረዘ ወይም በአልኮል ሱስ ለተያዘ ሰው ባለሙያ የሚያደርገውን ሕክምና ይመለከታል። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞችን ስመረምር ግን ስሙ ላልተገባው ነገር ሁሉ ሲሰጥ እሰማለሁ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ «ወተት ከጠጣሁ አቧራውም ኬሚካሉም ይወጣልኛል» የሚለው ነው። የጥጥ ብናኝም ሆነ የብየዳ ጭስ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው፤ ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የለም። በፈትል ክፍል የሚሠራ አንድ ወጣት ከእሑድ ዕረፍት ሲመለስ ሰኞ ሰኞ ደረቱን እየጨነቀውና ትንፋሽ እያጠረው ወተቱን አንድ ቀን ሳያስታጉል ይጠጣ ነበር፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛው ግን ከኪሱ አይወጣም። ሕመሙ ቢሲኖሲስ ይባላል፤ መጀመሪያ ከዕረፍት በኋላ ባለው ቀን ብቻ የሚሰማ ሲሆን፣ ብናኙን መሳብ ካልቀረ ግን ሌሎቹንም ቀናት ይይዝና የሳንባን አቅም ለዘለቄታው ይቀንሳል።

ወተት ጥሩ ምግብ ስለሆነ ማንም እንዲተወው አልመክርም። አሠሪዎች ግን ወተት ማደልን የአየር ማስወጫ ምትክ አድርገው ሊቆጥሩት አይገባም። ሠራተኛውም ፊቱ ላይ በደንብ የሚገጥም መሸፈኛ ያድርግ፣ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ የሥራ ልብሱን ወደ ልጆቹ ይዞ አይግባ። ባትሪ ሲጠግን የኖረ ሰው እንኳ በደሙ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ቢበዛበት፣ ብረቱን ይዞ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ከደም ምርመራ በኋላ በሐኪም ይታዘዝለታል እንጂ በወተት አይድንም።

የዝንጅብልና የሎሚ ሻይ ጉበት አያጥብም። ላብ በዋናነት ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ኮሶም የሚያስወጣው የኮሶ ትልን ሲሆን፣ መጠኑ ሲበዛ ራሱ መርዝ ሆኖ ዓይን ሊጎዳ ይችላል።

ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰውም «ሰውነቴን ላጽዳ» ብሎ በአንድ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሲያቋርጥ፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎም ሕይወት የሚያሳጣ መቃዠት ሊገጥመው ስለሚችል፣ ዲያዜፓም በተባለው ማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 እየታገዘ በሐኪም ክትትል ሊያቆም ይገባል።

ፀረ ተባይ የጠጣን ሰው ወተት መጋትና ጣት አስገብቶ ማስመለስ ደግሞ ሰዓት ያባክናል፤ ራሱን እየሳተ ከሆነም ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይገባል። የጠጣበትን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል አድርሱት፤ ሐኪሙ አትሮፒን የተባለውን የአንዳንድ ፀረ ተባዮች ማርከሻ መስጠት እንዳለበት ፈጥኖ የሚወስነው የመርዙን ዓይነት ሲያውቅ ነው።