ሰፕላይ ኤክሰለንስ አዋርድ ምንድን ነው? መጋዘን በደንብ ስለያዙ መሸለምስ ምን ይሉታል?

የወታደር ሽልማት ሲባል ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ጀብዱ ነው፣ ምሽግ ሰብሮ የገባ፣ የቆሰለ ጓዱን ተሸክሞ ያወጣ ምናምን። የአሜሪካ ምድር ጦር ግን ቆጠራው ለማይዛነፍ፣ የፈረመበትን ዕቃ "አምጣ" ሲባል ወዲያው መዝዞ ለሚያሳይ ክፍልም ሽልማት አለው። ሰፕላይ ኤክሰለንስ አዋርድ ይባላል። የሚሰጠው በምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ስም ነው፣ ከጥገናውና ከዲፕሎይመንቱ (ጦርን ወደ ግዳጅ ቦታ የማጓጓዙ) ሽልማት ጋር ተጠቃሎ ኮምባይንድ ሎጂስቲክስ ኤክሰለንስ አዋርድስ በሚባለው ፕሮግራም ስር ይገኛል። የሰፕላዩን ግምገማ በዋናነት የሚመሩት ደግሞ ቨርጂኒያ ፎርት ሊ ያለው የኳርተርማስተር ትምህርት ቤት ሰዎች ናቸው፣ ማለትም የስንቅና ትጥቅ ባለሙያዎቹ ራሳቸው። ኳርተርማስተር ኮር እ.ኤ.አ. በ1775 የተቋቋመ ስለሆነ ከአሜሪካ ነፃነት አዋጅ በአንድ ዓመት ይበልጣል፣ ስንቅ ከአገርም ይቀድማል ማለት ነው 😄

እሺ፣ ግን ለምን ይሸለማል? የሰፕላይ ስራ በደንብ ሲሰራ አይታይም እኮ። ጎማው በሰዓቱ ደረሰ፣ ባትሪው አለ፣ የሌሊት መነፅሩ ቁጥሩ ገጠመ፣ በቃ ማንም ምንም አይልም። አንድ ቀን አንድ ነገር ሲጎድል ግን ሁሉም ሰው የንብረት ሳጅኑን ስም ያውቀዋል። እንዲህ አይነት ስራ ላይ ጎበዝና ሰነፍ የሚለየው ችግር ሲፈጠር ብቻ ከሆነ ጎበዙም ቀስ እያለ ይሰንፋል፣ ስለዚህ ችግር ሳይፈጠር ሄዶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ሽልማቱ ለኔ በዋናነት ይሄ ነው፣ በፈቃድ የተጠራ ኢንስፔክሽን።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ሻምበል ውስጥ ንብረት እንዴት እንደሚያዝ ማየት ያስፈልጋል። የሻምበሉ አዛዥ ወደ ቦታው ሲመጣ ሻምበሉ ያለውን ንብረት በሙሉ ቆጥሮ ይረከባል፣ መኪናው፣ ሬድዮው፣ መሳሪያው፣ ጀነሬተሩ፣ ድንኳኑ፣ በመደበኛው ጦር ለዚህ ርክክብ በተለምዶ የሚሰጠው 30 ቀን ነው፣ እና ብዙ ጊዜ ሰውየው ገና በሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ካፒቴን ሆኖ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ንብረት ላይ ይፈርማል። ከዛ እሱ ለመቶ መሪዎቹ በፊርማ ያስረክባል፣ እነሱ ለጓድ መሪ፣ ጓድ መሪው ለሚጠቀምበት ወታደር፣ እንዲህ እያለ ፊርማው እስከ ታች ይወርዳል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ፣ ማለትም ዕቃው አለ ግን ማን እንደያዘው የሚናገር ወረቀት ከሌለ፣ ሲጠፋ አዛዡ ራሱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ምርመራ ይከፈታል፣ በቸልተኝነት ነው ከተባለ ከደሞዝ ይቆረጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው የአንድ ወር መሰረታዊ ደሞዝ ቢሆንም ነገሩ ሪከርድ ላይም ጥላ ያጠላል።

መኪናና መሳሪያ ቶሎ አይጠፋም፣ ትልቅ ነው ወይ ተቆልፎበታል። ሰው የሚያስለቅሰው ትንንሹ ነው። የመካኒክ የመፍቻ ሳጥን ውሰዱ። መዝገብ ላይ "አንድ ሳጥን" ተብሎ ነው የተፃፈው ግን ሳጥኑ ሲከፈት ውስጡ ብዙ ቁራጭ አለ፣ እያንዳንዱ ባለ 13 አሃዝ የስቶክ ቁጥር ያለው፣ የ10 ሚሊሜትር መፍቻ ደግሞ የትም ዓለም ብትሄዱ የምትጠፋው እሷ ናት። ቆጣሪው ሳጥኑን ከፍቶ የዕቃ ዝርዝሩን ይዞ አንድ በአንድ መቁጠር አለበት፣ "ሳጥኑ አለ፣ ቲክ" ብሎ ማለፍ አይሰራም። ጉድለት ካለ ጉድለቱ በፅሁፍ ይያዛል፣ ምትክ ይታዘዛል፣ የታዘዘበት ቁጥር ከጉድለቱ ጎን ይቀመጣል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማይገምተው ነገር አለ፣ መፍቻ መጥፋቱ ብቻውን ያን ያህል አያስጥልም፣ የሚያስጥለው መጥፋቱን ማንም አለማወቁ ነው።

ግምገማው ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። ክፍሉ ከበላይ አዛዦቹ በኩል ይታጫል፣ በየደረጃው ይጣራል፣ ወደ መጨረሻ ላይ ገምጋሚ ቡድን ራሱ ቦታው ድረስ ይመጣል። መደበኛው ጦር፣ ናሽናል ጋርድ (የየክፍለ ግዛቱ ጦር) እና ሪዘርቭ (ተጠባባቂው) እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምድብ ነው የሚወዳደሩት፣ በስራ አይነትም ይለያያሉ፣ ተራ የሻምበል ሰፕላይ ክፍል ከትልቅ የመለዋወጫ መጋዘን ጋር አይፎካከርም፣ የንብረት መዝገብ ቢሮውም የራሱ ምድብ አለው፣ ይሄ ፌር ነው። መለኪያው ደግሞ ለሽልማት ተብሎ የተፈለሰፈ አይደለም፣ ኮማንድ ሰፕላይ ዲሲፕሊን ፕሮግራም የሚባል አዛዦች በማንኛውም ጊዜ ሊያስፈፅሙት የሚገባ የቁጥጥር ስርዓት አለ፣ ከዛ ነው የሚነሳው። ለሽልማቱ የተዘጋጀ ሰው ምንም ትርፍ ስራ አልሰራም፣ ድሮም መስራት የነበረበትን ነው የሰራው።

ገምጋሚው ሲመጣ የሚሰራት ቀላል ግን ክፉ ፈተና አለች፣ በሁለቱም አቅጣጫ መሄድ። መጀመሪያ ከመዝገቡ (አሁን መዝገቡ ጂሲኤስኤስ አርሚ የሚባል የኮምፒውተር ሲስተም ነው) አንድ ዕቃ ይመርጥና "አሳየኝ" ይላል። ቀጥሎ ይገለብጠዋል፣ መደርደሪያው ላይ ካለው አንዱን ያነሳና "ይሄ መዝገብ ላይ የት አለ?" ይላል። በመጀመሪያው ጉድለት ይወጣል፣ በሁለተኛው ትርፍ። እና ትርፍ ሲወጣ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው፣ ምክንያቱም "ኧረ ይሄ ተጨማሪ ነው፣ ምን ችግር አለው" የሚባለው ዕቃ ሌላ ክፍል ወር ሙሉ አዝዞ እየጠበቀው ያለ ሊሆን ይችላል። መለዋወጫ ደብቆ ማስቀመጥ በየትኛውም ጦር ያለ አመል ነው፣ ሳጅኑ ሌባ ሆኖ አይደለም፣ ሲስተሙ በሰዓቱ ያመጣልኛል ብሎ ስለማያምን ነው።

እንዲህ አይነት ሽልማት የሚሰጠው ምድር ጦሩ ብቻ አይደለም። ባህር ኃይሉ በሎጂስቲክስ ጎበዝ የሆነ መርከብ ሰማያዊ "ኢ" የምትባል ፊደል መርከቡ ላይ እንዲቀባ ይፈቅዳል፣ ወደብ ላይ የቆመ ሁሉ ያያታል። ለምግብ ቤቶችም አለ፣ በባህር ኃይል የኔይ ሽልማት ከእ.ኤ.አ. 1958፣ በምድር ጦር የኮኔሊ ሽልማት ከ1968 ጀምሮ፣ ኮኔሊው ላይ ወጥ ቤትም ሜዳ ላይ ድንኳን ውስጥ የሚበስለውም ይዳኛል። ከነዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚገርመኝ የሁለተኛው የዓለም ጦርነቱ ነው። ከ1942 ጀምሮ አርሚ ኔቪ "ኢ" የሚባል ሽልማት ለፋብሪካዎች ይሰጥ ነበር፣ ፋብሪካው የሚሰቅለው ባንዲራ ይሰጠዋል፣ ሰራተኛው ደግሞ ኮቱ ላይ የሚሰካት ትንሽ ፒን። ጦርነቱ እስኪያልቅ ያገኙት 4,283 ፋብሪካዎች ናቸው፣ ለጦርነቱ ከሚያመርቱት 5 በመቶ ገደማ ብቻ። አንድ ጊዜ ያገኘ ፋብሪካ ደግሞ ጥራቱን ይዞ ከቀጠለ ባንዲራው ላይ ኮከብ ይጨመርለታል፣ ማለትም አንዴ ተሸልሞ መተኛት የለም። ያን ያህል ሰው ፒኗን የፈለጋት እኮ ከ20 ፋብሪካ አንዱ ብቻ ስለሚያገኛት ነው፣ ለ20ውም ብትሰጥ ኖሮ ማንም አይፈልጋትም ነበር።

አሁን ወደ ደካማ ጎኑ። ውድድር ባለበት ታይታ አለ፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ጎብኚ ሲመጣ ቀለም የሚቀባ፣ ፋይሉን በቀለም ለይቶ የሚደረድር፣ ትርፍ ዕቃውን ደግሞ ለሁለት ቀን ጎረቤት ሻምበል ኮንቴነር ውስጥ የሚያስቀምጥ አይጠፋም። ሌላው ችግር ሰው ነው፣ ወረቀት የሚወደው ሳጅን ሻምበሉን ያሸልምና ከሁለት ሶስት ዓመት በኋላ ይዛወራል፣ የሱ እውቀት ጭንቅላቱ ውስጥ ከነበረ አብሮት ይሄዳል፣ ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል። ገንዘብ የለውም ሽልማቱ ደግሞ፣ ፕላክ አለ፣ ስነ ስርዓት አለ፣ ከትልልቅ አዛዦች ጋር ፎቶ አለ፣ የሳጅኑ የስራ ግምገማ ላይ የምትፃፍ አንድ መስመርም አለች፣ እሷ መስመር ግን ማዕረግ ሲመጣ ከፕላኩ በላይ ትሰራለች ብዬ ነው የማስበው።

ለታይታው የሚሆን መድኃኒት ያለው ገምጋሚው እጅ ላይ ነው። ፅድት ያለውን ፋይል አይቶ "ጎበዝ" ብሎ የሚሄድ ከሆነ ያየው ቀለም ነው። የተሻለው ገምጋሚ ሳጅኑን "አንተ ቡና ጠጣ" ብሎ ያስወጣውና ቅርብ ጊዜ የተመደበውን ወታደር ይጠራል፣ የአሰራር መመሪያውን እጁ ላይ ይሰጠውና "አንድ ወታደር ሬድዮ ሊመልስ መጣ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ አስረክበኝ" ይለዋል።