ቤንቶናይት ምንድን ነው? በጥንታዊ ባሕር ደለል ውስጥ የተቀበረ የእሳተ ገሞራ አመድ

በምሥራቅ ቻይና፣ ዢጂያንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ሜይሻን በሚባል ቦታ የኖራ ድንጋይ ሲፈለጥበት የኖረ ገደል አለ። በገደሉ ፊት ላይ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላት፣ ነጣ ያለች የሸክላ አፈር መስመር ትታያለች። ከበላይዋም ሆነ ከበታችዋ ያለው ዓለት ባሕር ወለል ላይ ቀስ በቀስ የተከማቸ ደለል ነው፤ እርሷ ግን የመጣችው ከሰማይ ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ ነበረች። እንዲህ ያለው፣ ባሕር ውስጥ ወድቆ በጊዜ ብዛት ወደ ሸክላ አፈር የተለወጠ አመድ ቤንቶናይት ይባላል። ስሙን ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1898 አሜሪካዊው የሥነ ምድር ሊቅ ዊልበር ናይት ሲሆን፣ መነሻው በዋዮሚንግ ግዛት ይህ ሸክላ የሚገኝበት ቤንተን የተባለ የባሕር ደለል ዓለት ነው።

አመድ የሚለው ቃል ምድጃ ውስጥ የሚቀረውን ስለሚያስታውስ በዚህ ጉዳይ ላይ ያሳስታል። የእሳተ ገሞራ አመድ የተቃጠለ ነገር ትራፊ አይደለም፤ ቀልጦ የነበረ ዓለት በጋዝ ግፊት ተበጣጥሶ፣ አየር ላይ በድንገት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የመስታወት ስብርባሪ ነው። መስታወት ደግሞ እንደ ማዕድን የተደራጀ ውስጣዊ መዋቅር ስለሌለው በጨዋማ ውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ አይቆይም። ከሲሊካው (የአሸዋ ዋነኛ ውህድ) እና እንደ ሶዲየም ካሉት አልካሊ ንጥረ ነገሮቹ ከፊሉን ለውኃው ይለቃል፣ ከውኃው ማግኒዥየም ይወስዳል፣ በመጨረሻም ስሜክታይት ወደሚባለው የሸክላ ማዕድን ይለወጣል። ስሜክታይት ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ነው። መረሬ ወይም ዋልካ የምንለውን ጥቁር አፈር በክረምት የረገጠ፣ በበጋም ስንጥቁን ያየ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል፤ የዚያም አፈር ዋነኛ ሸክላ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ባለሙያዎች ገደል ላይ ቤንቶናይትን በቀላሉ የሚለዩት በዚሁ ምክንያት ነው፦ ርጥብ ሲሆን በጣት መካከል እንደ ሳሙና ይንሸራተታል፣ ዝናብም ከጎረቤቶቹ ቀድሞ ስለሚበላው በዓለቱ ፊት ላይ ወደ ውስጥ የገባ ጎድጓዳ መስመር ይተዋል። ንጣፉ ይበልጥ ተቀብሮ ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ ስሜክታይቱ ፖታሲየም እየያዘ ኢላይት ወደሚባል፣ ወደማያብጥ ሸክላ ይለወጣል፤ ይህ ፖታሲየም ያዘለ ቤንቶናይት በብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት ዕድሜ ባላቸው ዓለቶች ውስጥ የተለመደ ነው።

አመዱ በየብስም ላይ ይወድቃል፤ ነገር ግን በየብስ ላይ ነፋስ ይበትነዋል፣ ጎርፍ ይጠርገዋል፣ የዕፅዋት ሥርም ያተራምሰዋል። ጸጥ ያለ ባሕር ግን የወደቀበትን ተቀብሎ፣ በላዩ ደለል አልብሶ ያስቀምጠዋል። ወደ ወለሉም የሚደርሰው ብዙዎች ከሚገምቱት ፈጥኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ በፈነዳ ጊዜ በደቡብ ቻይና ባሕር ውስጥ አስቀድመው የተዘረጉ የደለል ማጥመጃዎች እንዳሳዩት፣ አመዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን ውኃ አቋርጦ የወረደው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በተለይ ኦክስጅን ባነሰበት የባሕር ወለል ላይ ደለሉን የሚቆፍሩ ትሎችና ሌሎች ፍጥረታት ስለማይኖሩ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የቀጠነ የአመድ ንጣፍ እንኳ ሳይደበላለቅ ሊቆይ ይችላል።

ይህ ሁሉ ትኩረት ለአንድ ቀጭን ሸክላ የተሰጠው በዘመን ቆጠራ ምክንያት ነው። የባሕር ደለል ዓለት በቅሪተ አካል የተሞላ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን ይናገራል፤ መሶብ ውስጥ ከታች ያለው እንጀራ ቀድሞ የገባ እንደሆነ ሁሉ፣ የታችኛው ንጣፍ ከላይኛው ይቀድማል። ይሁን እንጂ የመሶቡ ቅደም ተከተል እንጀራው በስንት ሰዓት እንደተጋገረ አይነግርም። ቁጥሩን የሚሰጠው አመዱ ነው፤ ምክንያቱም መስታወቱ ወደ ሸክላ ሲለወጥ አብረውት የወደቁት ጠንካራ ማዕድናት፣ በተለይም ዚርኮን፣ ሳይለወጡ ስለሚቀሩ ነው። ዚርኮን በቀለጠው ዓለት ውስጥ ሲፈጠር ዩራኒየምን ያስገባል፣ እርሳስን ግን አያስጠጋም። ስለዚህ ዛሬ በውስጡ የሚገኘው እርሳስ ዩራኒየሙ በጊዜ ብዛት ወደ እርሳስ በመለወጡ የመጣ ነው ማለት ይቻላል፤ የዩራኒየም 238 ግማሹ ወደ እርሳስ ለመለወጥም 4.47 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ሥራው ግን እንደ አነጋገሩ ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ዚርኮን ከፍንዳታው ብዙ ቀደም ብሎ የተፈጠረ ነው፣ ሌላው ደግሞ በጨረር ተጎድቶ እርሳሱን ያፈሰሰ ነው። በመሆኑም ባለሙያዎች እያንዳንዷን ፍሬ በእሳት አግለው፣ የተጎዳውን ክፍል በአሲድ አሟሙተው፣ የቀረውን ብቻ ይለካሉ።

ሜይሻን የዚህ ዘዴ ታላቅ ማሳያ ነው። በዚያ ገደል ላይ ንጣፎቹ በቁጥር የተሰየሙ ሲሆን፣ ነጭዋ መስመር 25ኛዋ ናት። ከፐርሚያን ዘመን ማብቂያ ጋር ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የባሕር ዝርያዎች የጠፉበት እልቂት የሚጀምረው እርሷ ጋ ነው። ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በ27ኛው ንጣፍ ውስጥ፣ ሂንዲዮዱስ ፓርቩስ የተባለው ጥርስ መሰል ቅሪተ አካል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይበት ቦታ እ.ኤ.አ. በ2001 የትራያሲክ ዘመን መነሻ ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኖ ጸድቋል። ከዚያ በላይ 28ኛው ሌላ የአመድ ንጣፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ልኬት መሠረት 25ኛው 251.941 ሚሊዮን ዓመት፣ 28ኛው ደግሞ 251.880 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 61 ሺህ ዓመት ነው፤ የስሕተቱ ወሰን በግራም በቀኝም 48 ሺህ ዓመት ይሆናል። የዓለም ሕይወት ታሪክ የከፋው እልቂት ሠላሳ ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ዓለት ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ከታችም ከላይም ሰዓት ተቀምጦለታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ በቀላሉ የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። አመዷ እልቂቱ የተጀመረበት ቦታ ላይ ስለተገኘች ብቻ ገዳይዋ እርሷ ናት ማለት አይደለም። ብዙ ተመራማሪዎች ተጠያቂ የሚያደርጉት የሳይቤሪያው ታላቅ ፍንዳታ በአብዛኛው ባዛልት፣ ማለትም ሲሊካ ያነሰበት ጥቁር ዓለት፣ ያፈሰሰ ነው፤ የሜይሻን አመድ ግን በሲሊካ የበለጸገና በደቡብ ቻይና አካባቢ ከነበሩ እሳተ ገሞራዎች የመጣ ነው። የሳይቤሪያው ዓለት ዕድሜ ለብቻው፣ በዚሁ በዚርኮን ዘዴ ተለክቶ ነው ከሜይሻን ጋር የተነጻጸረው። ቤንቶናይቱ በዚህ ክስ ምስክር እንጂ ተከሳሽ አይደለም።

ሁለተኛው ጥቅም ርቀው የሚገኙ ዓለቶችን ማገናኘት ነው፤ አንድ ፍንዳታ በአንድ ሰሞን ሰፊ ባሕር ላይ አመዱን ስለሚያነጥፍ። ከ454 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የወደቁት ዳይኪ እና ሚልብሪግ የተባሉት ንጣፎች በሰሜን አሜሪካ ከሚኒሶታ እስከ አላባማ ተገኝተዋል፤ በደቡብ ስዊድን ኪኔኩሌ በተባለው ኮረብታ ላይም በዚያው ዘመን አካባቢ የወደቀ፣ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ንጣፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሁለቱ አህጉራት አመድ ከአንድ ፍንዳታ የመጣ ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ የማዕድን ኬሚስትሪና የዕድሜ ጥናቶች ግን ይህን አጠራጣሪ አድርገውታል። ሐሳቡ የሚማርክ ነበር፣ ነገር ግን በአንድ ዘመን መውደቅ በአንድ ቀን መውደቅ ማለት አይደለም።

የኢትዮጵያ እሳተ ገሞራዎችም ባሕር ውስጥ አሻራ አላቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኢትዮጵያንና የየመንን ከፍተኛ ቦታዎች በገነባው ፍንዳታ የተረጨ አመድ፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሕንድ ውቅያኖስ ወለል በተቆፈረ ናሙና ውስጥ ተለይቷል። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ግን የሐዳሩ ነው። ድንቅነሽ ከተገኘችባቸው ንጣፎች በታች ሲዲ ሃኮማ የተባለ የአመድ ዓለት አለ፤ ዛሬ ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ይታወቃል፤ በፊት ግን የሐዳር ዕድሜ ክርክር ነበረበት። ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው የምርምር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1972 ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ባወጣችው ደለል ውስጥ የተገኘ ቀጭን አመድ፣ የመስታወቱ ኬሚስትሪ ከሲዲ ሃኮማም ሆነ በኬንያ ቱርካና ቱሉ ቦር ከሚባለው አመድ ጋር እንደሚገጥም እ.ኤ.አ. በ1985 ታተመ። በባሕሩ ደለል ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቅሪተ አካላት ለአፋሩ አመድ ከየብሱ ክርክር ነጻ የሆነ የዕድሜ ምስክርነት ሰጡት። ይህ ሊሆን የቻለው ደለሉ ገና ወጣት በመሆኑ ነው፦ በሜይሻን መስታወቱ ከጠፋ ሩብ ቢሊዮን ዓመት ሊሆነው ስለሚችል ዚርኮን ብቻ ተርፎ ሲገኝ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ግን የመስታወቱ ስብርባሪ ጠርዙ ሳይደነዝዝ ከሐዳሩ ጋር ጎን ለጎን ሊመረመር ችሏል።